ስትነቃ ትገባለች

ድሬዳዋ በቀትር ትተኛለች። ይህን የማያውቅ ሰው ከተማዋን አያውቃትም። ከስድስት ሰዓት በኋላ ባለሱቁ በሩን ገርበብ ያደርጋል፤ ባለባጃጁ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ይቆምና እግሩን መሪው ላይ ሰቅሎ ዓይኑን ይከድናል። የመንግሥት ቢሮው እንኳ ሙቀቱ በረድ እስኪል አይከፈትም። አሮጌው የገበያ ሰፈራችን መጋላ ውስጥ በዚያ ሰዓት ከመስጊድ የሚመለሱ ሰዎች የጫማ ድምፅና የአንድ ሁለት ፍየል ጩኸት ካልሆነ የሚሰማ ነገር የለም። እኔ እዚህ ተወልጄ እዚህ አርጅቻለሁ። በግንቦት ቀትር ፀሐይ ላይ ሲሮጥ ያየሁት ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ቤቱ የታመመ ሰው አለ።

የምሠራው ለገሃሬ አካባቢ ባለ አንድ የሕፃናት ማቆያ ነው። ድሮ የፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች እንዲውሉበት የተከፈተ ነው፤ አሁን የሚያስተዳድረው የወላጆች ኮሚቴ ነው። የባቡር ጡረተኛ የልጅ ልጅም፣ የመጋላ ነጋዴ ልጅም፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ እናት ልጅም አንድ ሰሌን ላይ ይውላሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ሌላ ሥራ እስካገኝ ብዬ ገባሁ፤ ፀጉሬ እዚያው ሸበተ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ቀጥዪ ስላሉኝ በየዓመቱ ውል እያደስን አለሁ።

የእኔ ድርሻ ትላልቆቹ ናቸው፤ በመጪው መስከረም አንደኛ ክፍል የሚገቡት። ፊደልና ቁጥር አስተምራቸዋለሁ። ነገር ግን አንደኛ ክፍል የገባን ልጅ መጀመሪያ የሚያስለቅሰው ፊደል አይደለም። የሱሪውን ቁልፍ መፍታት አቅቶት ሲያመልጠው ነው። የምሳ ዕቃው ክዳን አልከፈት ሲለው ነው። መምህሩ የጠየቀው ጠፍቶበት ልጁ ሁሉ ዞሮ ሲያየው ነው። ስለዚህ ቁልፍ መፍታትና መቆለፍ፣ ክዳን መክፈት፣ ወረፋ መጠበቅ፣ ውኃ ሳያፈሱ መቅዳት አስተምራለሁ። ያላወቁትን ሲጠየቁ ቀና ብለው «አላውቅም» ማለትንም አስተምራለሁ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ወላጅ አይወድልኝም። «ልጄን ‹አላውቅም› ማለት ልታስተምሪው ነው የምከፍለው?» ያለችኝ እናት ነበረች። አዎ አልኳት።

ከምሳ በኋላ እንተኛለን። ወለሉን በውኃ እረጫለሁ፤ በሩ ላይ እርጥብ አንሶላ እሰቅላለሁ፤ ሰሌኑን አነጥፋለሁ። እያንዳንዱ ልጅ ቦታውን ያውቃል። እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ ሁልጊዜ አለ፤ እሱ ቆርቆሮውን እያየ ዝም ብሎ ይጋደማል። ዝም ብሎ መጋደም የቻለ ልጅ ዝም ብሎ መቀመጥ አያቅተውም። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ትላልቆቹ የቀን እንቅልፉን ራሳቸው እየተዉት ይሄዳሉ፤ አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ቆይቶ። አስገድጄ ያስተኛሁት ልጅ የለም። ቀስቅሼም አላውቅም።

አዲስ ዳይሬክተር ስትመጣ ይህ ሁሉ ተቀየረ። ወጣት ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ከደጋ አገር የመጣች። ስለ እሷ ክፉ አልናገርም፤ ጠዋት ከሁላችን ቀድማ ትገባለች፣ ማታ በሩን ቆልፋ የምትወጣውም እሷ ናት። ከፋሲካ በዓል ስንመለስ ቢሮዋ ጠራችኝ።

«እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ትላልቆቹ ቀን አይተኙም» አለችኝ።

«ለምን?»

«አንደኛ ክፍል እንቅልፍ የለማ። ካሁኑ መልመድ አለባቸው። የማዶው ትምህርት ቤት ፈተናም ከሰዓት በኋላ ነው። አምና ልጆቻችንን ‹አልበሰሉም› ብለው እንደመለሱብን ያውቃሉ።»

የማዶው የምንለው ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ባሻገር ያለውን የሕዝብ ትምህርት ቤት ነው። ልጆች ሙሉ ቀን ይውሉበታል፤ ክፍያውም ሠራተኛ የሚችለው ነው። ቦታው ጥቂት ስለሆነ ግን እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አስገብተው ያናግሩታል። ፈተና የሚሉት ይህን ነው።

«አልበሰሉም የተባሉት ስላዛጉ ነው» አልኳት።

«እኔስ ምን አልኩ? እንዳያዛጉ ነዋ!»

«ሙቀቱንስ ምን ልታደርጊው ነው?»

«ቬንትሌተር እናስገባለን።»

«ቬንትሌተር ሙቀቱን ያዞረዋል እንጂ አያስወጣውም።»

«እትዬ፣ በእኛ አገር ልጅ ቀን አይተኛም እኮ።»

«በእናንተ አገር ቀን ጋቢ ይለበሳል።»

ሳቀች። ሐሳቧን ግን አልቀየረችም።

ወላጆችን ሰበሰበች። ስብሰባውን የጠራችው ሰባት ሰዓት ላይ ስለነበር ብዙዎቹ አልመጡም፤ ለምን እንዳልመጡ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ከመጡት መካከል መጋላ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ አንድ አባት ተነሣና፣ «አቦ ዳይሬክተር! እኔ በዚህ ሰዓት ሱቄን ከነመደርደሪያው ቢወስዱት አልሰማም። ልጄ አለመተኛትን ከማን ትማረው?» አለ። ሁሉም ሳቀ። እጅ አውጡ ሲባል ግን እሱም እንቅልፉ ይቅር ብሎ እጁን አወጣ።

ሲወጣ በሩ ላይ ጠበቅኩት። «አንተም?» አልኩት።

«ምን ላድርግ እናቴ» አለኝ፤ «እኔ የተኛሁት ይበቃል።»

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ክፉ ነበሩ። ቬንትሌተሩ ሲከፈት ወረቀቱን ሁሉ በተነው፤ ሲዘጋ ደግሞ ልጆቹ በላብ ታጠቡ። በማይረባ ነገር ተጣሉ፤ ተናከሱ። ተናክሶ የማያውቅ ልጅ ጓደኛውን ነክሶ ራሱ አለቀሰ። በጠዋት የሚጽፉትን ፊደል ከሰዓት በኋላ አዙረው ይጽፉት ጀመር። ዳይሬክተሯም እኩል ትደክም ነበር፤ እርጥብ ፎጣ ይዛ በየተራ ፊታቸውን እየጠረገች ታነቃቸዋለች።

ከሁሉም የባሰባት አንዲት ልጅ ነበረች። እናቷ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው የቢዮ አዋሌ ገጠር ሰው ናት፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች። ሥራዋ በፈረቃ ስለሆነ ልጅቷን ከእኛ የምትወስዳት ጎረቤታቸው ናት፤ እናትየዋ በሰርቪስ የምትገባው ከመሸ በኋላ ነው። ልጅቷ እናቷን ሳታይ አትተኛም። ጎረቤትየዋ ብታባብላት፣ ብትቆጣት፣ መብራት ብታጠፋባትም በሩ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። እና ቀን ስትተኛ እንደ ሌሎቹ ልጆች አልነበረም፤ ሌሊቱን ቆሞ እንዳደረ ዘበኛ ነበር የምትተኛው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ በአንድ እጇ የሰሌኑን ጫፍ ጨብጣ።

እንቅልፉ ከቀረ በኋላ እርሳሷን እንደያዘች ተቀምጣ ታንቀላፋ ጀመር። አንድ ቀን በዚያው ወደ ፊቷ ወደቀችና አፍንጫዋ ጠረጴዛው ላይ ተመታ። ደሟን አጠብኩ። ከዚያ ዕቃ ቤት ገብቼ የተጠቀለለውን ሰሌን አወጣሁ፤ ወለሉን ረጭቼ እዚያው ዕቃ ቤት አነጠፍኩላት። ወዲያው ተኛች። እኔም አጠገቧ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ዳይሬክተሯ መጣች።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አስተኝቻታለሁ።»

«ተስማምተን ነበር እኮ!»

«እናንተ ተስማማችሁ። እኔ እጄን አላወጣሁም።»

«ሌሎቹ ልጆች ሲያዩ ምን ልበላቸው?»

«ደክሟት ተኝታለች በያቸው። ውሸት አይደለም።»

«ለኮሚቴው ማቅረቤ አይቀርም። ውልዎ ላይታደስ ይችላል፤ እኔ አልፈልገውም፣ ግን…»

«አቅርቢ» አልኳት። «በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊው።»

በማግስቱም አስተኛኋት፤ በሌላውም ቀን። ወሬው እናትየዋ ዘንድ ደረሰ። አንድ ጠዋት ልጇን ልታስገባ መጥታ እጄን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ። አዴ ነው የምትለኝ፤ በእነሱ ቋንቋ ለትልቅ ሴት የሚባል ነው። እንደ ድሬ ሰው ትልቁንም ትንሹንም አንቺ ትላለች፤ አክብሮቱ አዴ በሚለው ውስጥ አለ።

«አዴ፣ ልጄን ታስተኚያታለሽ አሉኝ።»

«አዎ።»

«ተይ። ፊቷ ላይ ውኃ ርጪባት፣ ቆንጥጫት፤ ምንም አልልሽም። ብቻ አታስተኚያት።»

«አልቆነጥጣትም።»

«የማዶው ካልተቀበላት ቢዮ አዋሌ ነው የምልካት፤ እናቴ ጋ። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ግማሽ ቀን ነው የሚያስተምረው። ግማሹን ቀን ማን ይይዝልኛል? ጎረቤቴ ማታውን ብቻ ነው የምችለው ብላኛለች። እዚያ ከሄደች በወር አንዴ ባያት ነው። ከዚያ እሷም ትረሳኛለች።»

«ይህን አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ታዲያ?»

«ሌሊት አንቺን ስትጠብቅ አትተኛም። ቀንም ካልተኛች የምታውቀው ሁሉ ይጠፋባታል። እዚያ ገብታ ስሟን ብትጠየቅ ስሟን አትናገርም።»

እናትየዋ እጄን ለቀቀችው። «የራስሽ ልጅ ብትሆን እንዲህ አትቀልጂም ነበር» አለችኝ።

ልጅ የለኝም። ይህን ታውቃለች። የሰርቪሱ ክላክስ ተሰማና ሮጣ ሄደች።

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ በእኔ ላይ መሆኑን አወቅኩ። ልጅቷ ብትወድቅ ያስተኛኋት እኔ ነኝ። የሙቀቱ ጥፋት ነው፣ የሰዓቱ ጥፋት ነው የሚል አይኖርም። እናትና ልጅን የለየች ሴትዮ ነው የምባለው። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሰሌኑን አነጠፍኩ።

በጠዋት፣ አየሩ ገና ቀዝቀዝ ሳለ፣ ከሌሎቹ ጋር አሠራት ነበር። ቁልፍና ጫማ አላስቸገራትም። የቸገራት «አላውቅም» ማለት ነበር። የማታውቀውን ስጠይቃት አገጯ ደረቷ ላይ ይለጠፋል። ብዙ ቀን እንዲህ ከቆየች በኋላ በእናቷ ቋንቋ «ሂንቤኩ»፣ አላውቅም፣ አለች፤ ለመሬቱ ነበር የነገረችው። «ልክ ነሽ፤ ግን ቀና ብለሽ ንገሪኝ» አልኳት። ቀና አለች።

የፈተናው ቀን በግንቦት መጨረሻ ነበር። ሰዓቱ ስምንት። እናትየዋ ፈቃድ ስላላገኘች ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ዳይሬክተሯ ሌሎቹን ልጆች በአንድ ባጃጅ ይዛ ቀድማ ወጣች። እኔ ጥላ ሥር የተኛውን ባለባጃጅ ትከሻውን ነካ አድርጌ ቀሰቀስኩት። እሱን ከመቀስቀስ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

«ማዘር፣ በዚህ ፀሐይ ሕፃን ይዘሽ ወዴት ነው?» አለ ዓይኑን እያሸ።

«ፈተና።»

«የምን ፈተና በዚህ ሰዓት! ሰይጣን እንኳ ጋደም ብሏል አቦ!»

የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ጠባብ ነው። ግድግዳውን ተከትሎ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ወላጆች በተተኮሰ ልብስ ያሸበረቁ ልጆቻቸውን ይዘው ተደርድረዋል። አጠገባችን የልጅ ልጃቸውን ያመጡ አንዲት የመጋላ አሮጊት በሻሻቸው ጫፍ ራሳቸውን ያራግባሉ። ፈታኙ መምህር አልመጣም ነበር። ጠበቅን። ልጅቷ መጀመሪያ ክንዴ ላይ ተደገፈች፤ ከዚያ ጭኔ ላይ ወረደች። ጫማዋን አወለቅኩላት።

ፈታኙ ዘግይቶ መጣ። በዕድሜ ከዳይሬክተሯ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው። ሸሚዙ ንጹሕ ነው፤ ጉንጩ ላይ ግን የትራስ እጥፋት መስመር ሠርቶበታል። አየሁት።

ሁለት ልጆችን አስገብቶ አስወጣ። ከዚያ ወጥቶ የእኛን ልጅ ስም ጠራ።

«ይቺ ናት» አልኩ።

«ተኝታለች እንዴ?»

«ተኝታለች።»

«ቀስቅሷት እንጂ።»

ከወዲያኛው ጫፍ ዳይሬክተሯ ተነሥታ መጣች። «እትዬ ቶሎ ይቀስቅሷት!» አለችና እጇን ወደ ልጅቷ ትከሻ ዘረጋች። እጇን በእጄ ያዝኩት።

«አትቀሰቀስም» አልኩ። «ስትነቃ ትገባለች።»

ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

«እማማ፣ ይህ ፈተና ነው» አለ ፈታኙ።

«አውቃለሁ። ቀጣዩን ልጅ አስገባ።»

«ወረፋዋ ያልፋታል።»

«ይለፋት። መጨረሻ ላይ ትገባለች።»

«አንደኛ ክፍል ስትገባም እንዲህ ልትተኛ ነው?»

«አንተስ ስንተኛ ክፍል ነህ?» አልኩት። «ጉንጭህ ላይ ያለው ትራስ ነው።»

እጁ ሳያስበው ወደ ጉንጩ ሄደ። የመጋላዋ አሮጊት አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ። «ዋላሂ እውነቷን ነው!» አሉ፤ «እኔንም ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ነው ያመጡኝ፤ እስካሁን የት እንዳለሁ አላውቅም!» ኮሪደሩ በሙሉ ሳቀ። ፈታኙ አልሳቀም።

«መጨረሻ ላይ» አለ። «ሥራ ከጨረስኩ በኋላ ግን አንድ ደቂቃ አልጠብቅም። እዘጋለሁ።»

የእኛ ልጆች በየተራ ገቡ። አንዱ ፈገግ ብሎ ወጣ፤ አንዷ እያለቀሰች። ሁሉም ሲጨርሱ ዳይሬክተሯ ልጆቹን ውኃ እንዲጠጡ ልካ አጠገቤ ተቀመጠች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እትዬ፣ ይቺ ልጅ ብትቀር ከእናቷ እንደምትለይ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ሳስበው እርስዎ የሚፈልጉት ልክ መሆንዎን ነው።»

ይህን አባባል በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ያን ጊዜ ግን እግሬ ደንዝዞ ነበርና ስለ እግሬ ነበር የማስበው። ዳይሬክተሯ ልጆቹን ሰብስባ ሄደች።

ወላጆቹ አንድ በአንድ ወጡ። የመጋላዋ አሮጊት ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ፀሐዩ ከኮሪደሩ ወለል ላይ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ወጣ። የልጅቷ ትንፋሽ ጭኔን ያሞቀው ነበር። ማሳል እችል ነበር። እግሬን ማንቀሳቀስ እችል ነበር፤ ደንዝዞ ስለነበር ምክንያትም ነበረኝ። እናቷ በዚያ ሰዓት ማሽኗ ላይ ጎንበስ ብላ ሰዓቱን እየገመተች እንደሆነ አውቃለሁ፤ አሁን ገባች፣ አሁን ወጣች እያለች። አላሳልኩም። የዚያን ዕለት የተቀሰቀሰች ልጅ ከዚያ በር እያለቀሰች ነበር የምትወጣው፤ ይህን ለመገመት ዲፕሎማ አያስፈልግም።

የመጨረሻው ልጅ ወጣ። ከውስጥ መስኮት ሲዘጋ ሰማሁ። ፈታኙ ቁልፍ ይዞ ወጣና በሩን ገጠመው።

«እማማ፣ ልዘጋ ነው።»

«ዝጋ። እኛ እዚሁ ነን።»

«እዚህ ማደር አይቻልም እኮ!»

«እንድናድር ካልፈለግህ ቆይተህ ጠብቃት።»

ቁልፉን በሩ ውስጥ እንደሰካ ቆመ። የድሬ ሰው የሚያውቀው ንፋስ አለ፤ ቀኑ ሲያዘነብል ከአሸዋው በኩል ይመጣል። እሱ በኮሪደሩ ገባ። ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች፤ ቁጭ አለች፤ ግራና ቀኝ አየችና «ውኃ» አለች።

ጫማዋን ራሷ አደረገች። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ፊቷን ታጥባ ጠጣች። የተፈታ ቁልፏን ቆለፈች። ስንመለስ ፈታኙ በሩን ከፍቶት ነበር። እሷ ገባች፤ እኔ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ አልተዘጋም ነበርና ሁሉም ይሰማኝ ነበር።

ስሟን ጠየቃት፤ እስከ አያቷ ድረስ ነገረችው። ቤቷን ጠየቃት፤ ሰፈሯን ጠርታ «ወፍጮ ቤቱ ጀርባ» አለችው። ቀለም አሳያት፤ መለሰች። ቁጠሪ አላት፤ ቆጥራ ቆጥራ አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«ከዚያስ?»

 አገጯ ደረቷ ላይ ሲለጠፍ ታየኝ። ከወንበሬ ግማሽ ተነሥቼ ነበር።

«አላውቅም» አለች። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር።

«አታውቂም?»

«አላውቅም። አንተ ንገረኝ።»

ይህን የመጨረሻውን እኔ አላስተማርኳትም።

ፈታኙ ነገራት። ከእሱ ተቀብላ ትንሽ ቀጠለች። ከዚያ «ቅድም ለምን ተኛሽ?» አላት።

«እንቅልፌ መጥቶ ነዋ።»

ይዟት ወጣ። እሷን ወደ ግቢው ሸኝቶ እኔ ፊት ቆመ። «ጥሩ ልጅ ናት» አለ። «እኔ ልቀበላት እችላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቃል ይግቡልኝ፤ ክፍል ውስጥ እንደማትተኛ።»

እሺ ማለት ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። ቃሉ ትንሽ ነው፤ ማንም ይለዋል። እናቷ እዚያ ብትኖር ኖሮ ሰማይና ምድርን ጠርታ በማለችለት ነበር።

«አልገባም» አልኩ።

«ምን አሉኝ?»

«ቃል አልገባልህም። እናቷ ከሥራ የምትገባው መሽቶ ነው፤ እሷን ሳታይ አትተኛም። ስለዚህ አንዳንድ ቀን፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ክፍል ውስጥ ትተኛለች። ስትተኛ ትንሽ ተዋት፤ ትነቃለች። ዛሬ አይተሃታል። አትተኛም ብዬ ግን አልዋሽህም።»

«እርስዎ አስቸጋሪ ሴት ነዎት» አለኝ።

«ነኝ።»

በሩን ቆልፎ ሄደ።

በእግራችን ተመለስን። ከተማዋ ነቅታ ነበር፤ ባለሱቁ ደጁን ውኃ ይረጫል፣ ሳምቡሳ ይጠበሳል፣ ባጃጁ ይጮኻል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ልጅቷ እጄን ሳበችኝ።

«እማማ፣ አለፍኩ?»

ቀና ብዬ «አላውቅም» አልኳት።

ማታ ደጃቸው ላይ ጠብቄ ለእናቷ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ቃል አልገባም ማለቴንም ጨምሬ። ሰምታኝ ስትጨርስ ልጇን አቅፋ ገባች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ጠዋት ጠዋት ልጅቷን በሩ ላይ ትታት ትሄዳለች እንጂ ሰላም አትለኝም ነበር። አልፈረድኩባትም። እኔም አላባበልኳትም።

ውጤቱ የመጣው በሰኔ ነው። የነገረችኝ ዳይሬክተሯ ናት፤ ልጆቹ እጅ ሲታጠቡ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«አለፈች» አለችኝ።

«ጥሩ።»

«ካልተኙት ልጆችም ያለፉ አሉ።»

«ጥሩ ነው።»

«ስላስተኟት አይደለም ያለፈችው ለማለት ነው።»

«እኔም አላልኩም» አልኳት። እውነቴን ነው። ያለፈችው በምን እንደሆነ አላውቅም። ያልተቀሰቀሰችው ግን በእኔ ነው።

በቀጣዩ እሑድ እናትና ልጅ ቤቴ መጡ። እናትየዋ ከቢዮ አዋሌ የመጣ ማንጎ በፌስታል ይዛለች። ተቀመጠች፤ ጉልበቷን አየች።

«አዴ፣ ያን ቀን ስለ ልጅ ያልኩሽን…»

«ማንጎው ጥሩ ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። በላን። ቀትር ሆነ። ልጅቷ ሳትጠየቅ ጥግ ላይ የቆመውን ሰሌን አወጣችና ዘረጋችው። እናትየዋ «እኔም ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ» ብላ ከልጇ ጎን ጋደም አለች። ወዲያው ወሰዳት። የልብስ ስፌት ሠራተኛ ጣቶች ተኝተውም ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ። ወለሉን ረጨሁ፤ በሩ ላይ እርጥብ አንሶላ ሰቀልኩ።

በር ተንኳኳ። ከደረጃው ላይ ዳይሬክተሯ በጃንጥላ ሥር ቆማለች፤ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። በዚህ ሰዓት ሰው ቤት እንደማይኬድ እስካሁን የነገራት የለም። አንሶላውን ገለጥ አድርጌ ወጣሁና የግድግዳው ጥላ ሥር ቦታ ሰጠኋት። በሹክሹክታ አወራን።

«ኮሚቴው ወሰነ» አለችኝ። «ውልዎ ይታደሳል። ግን ከመስከረም ጀምሮ የሚይዙት ትናንሾቹን ነው። ትላልቆቹን እኔ እይዛለሁ፤ እነሱ አይተኙም።»

«ትናንሾቹስ ይተኛሉ?»

«እነሱማ ይተኛሉ።»

«እሺ» አልኩ። እፎይ ስትል አየኋት። «ከትላልቆቹ እንቅልፍ የመጣበት ልጅ ካለ ግን ክፍሌ የት እንደሆነ እነግረዋለሁ። ሰሌን አላጣም።»

«እትዬ!»

«ቀስ በይ» አልኳት፤ «ሰው ተኝቷል።»